ውስጡን ለቄስ ያልኩት ሞተር

በቤቴ መስኮት ደፍ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በኩል፣ አንድ የተሰነጠቀ ፒስተን፣ በሞተር ሲሊንደር ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰው ክፍል፣ ተቀምጧል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያነሣውና ያገላብጠዋል፤ ምን እንደሆነም ይጠይቀኛል። ባለቤቴ ለቆራሌው እንድሰጠው ብዙ ጊዜ ለምናኛለች፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ብያለሁ። ያ ፒስተን አንድ ጥያቄ ይዞብኛል። ጥያቄውን የጠየቁኝ ሰው መልሱን እዚያው በእጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ መልሱን በቅጡ ለመረዳት የወሰደብኝ ጊዜ ግን ሞተሩን አውርዶ መልሶ ለመግጠም ከወሰደው በእጅጉ በልጧል።

## ሀረጎ ላይ

መኪናዬ በተለምዶ ዋን ኤች ዜድ የምንለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያላት ላንድክሩዘር ናት። ሞተሩን የማያውቅ የወሎ ሹፌር ስለሌለ ስለ ጽናቱ ማውራት አያስፈልገኝም። የምተዳደረው በእሷ ነው፤ ሰውና ዕቃ ጭኜ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር እመላለሳለሁ፣ አልፎ አልፎም በባቲ በኩል እስከ ሚሌ እወርዳለሁ። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ተርቦ፣ ማለትም በጭስ ኃይል አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የለውም፤ የሚተነፍሰው በዙሪያው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። ጭነት ይዤ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሀረጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ፣ ባለ ተርቦዎቹ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ እያለፉኝ ዓመታት ስለቆጠርኩ በመጨረሻ ተርቦ አስገጠምኩ።

መጀመሪያ የተሰጠው ግፊት ግማሽ ባር ነበር። አንድ ባር ማለት ባሕር ወለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት የሚያህል ነው። በዚያ በግማሽ ባር መኪናዋ አንድ ዓመት ያህል እንደ ሰጋር በቅሎ ሄደች፤ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ መውጣት ጀመርኩ። በዚያ መርካት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ግፊቱ ወደ አንድ ባር ከፍ እንዲልልኝ ፈለግኩ። ከተርቦው ትርፍ ጭስ የሚያስወጣውን ትንሽ በር የሚገፋው ዘንግ እንዲያጥር ተደረገ፤ የናፍጣ ፖምፓው የመጠን ቡሎንም ተዞረ። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የሞተሩ ውስጥ ለዚህ ግፊት ተሠርቶ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ውስጡን ለቄስ አልኩ።

ሦስት ወር አልሞላም። ከኮምቦልቻ ሙሉ ሰው ጭኜ ሀረጎን ወደ ግማሽ ስደርስ ከሞተሩ ቀጭን የመቆርቆር ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ተከተለ። ዳር ይዤ ቆምኩና የዘይት መሙያውን ክዳን ብከፍተው እንደ ጀበና አፍ ጭስ ይተፋል። መንገደኞቹን በሌላ መኪና አሳፍሬ ሸኘሁ። አንዲት እናት ሲወርዱ «አብሽር ልጄ፣ ብረት ነው፣ ይሠራል» አሉኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ምን እንደሰበርኩ እንኳን አላውቅም ነበር።

## ሁለቱ ፒስተኖች

ሞተሩን ያወረዱልኝ ደሴ ውስጥ ሁላችንም ሐጂ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት መካኒክ ናቸው። እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ መስማት ራሱ ትምህርት ነው። ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ፋሻ፣ ኮሎ ይላሉ፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው የሙያው ቋንቋ ነው። ቴስታታ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቢየላ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ፋሻ ደግሞ በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው ቀለበት ነው። ኮሎ ማለት በእነሱ ቋንቋ አንገት ማለት ሲሆን የሞተሩን ዋና ዘንግ እንዲህ ያሉት በመታጠፊያው ምክንያት ከዝይ አንገት ጋር አመሳስለውት እንደሆነ የነገሩኝም ሐጂ ናቸው።

ቴስታታው ሲነሣ ጉዳቱ ወዲያው ታየ። የአራተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናቱ ላይ፣ ነበልባሉ ከቅድመ ማቃጠያዋ ጎድጓዳ ወጥቶ በቀጥታ ከሚመታው ቦታ ጀምሮ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። የላይኛው ፋሻ የሚቀመጥበት ቦይም ከአንድ ወገን ተቆርሷል። ሐጂ ፒስተኑን በናፍጣ አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ በመዳፌ ላይ አስቀመጡት። ከጠበቅሁት በላይ ቀላል ነበር። ያን ሁሉ ጭነት የሚሸከም ነገር እንዲህ ቀላል መሆኑ ያስደነግጣል።

«ስንት ሰጠኸው ልጄ?» አሉኝ።

«አንድ ባር፣ ሐጂ።»

«ኃይሉንስ ሰጠኸው፣ ይሁን። ሙቀቱንስ በየት በኩል ይውጣ ብለህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ግፊት፣ ስለ ናፍጣ፣ ስለ ፍጥነት ብዙ አስቤ ነበር፤ ሙቀት መውጫ መንገድ የሚያስፈልገው ነገር መሆኑ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሐጂ ወደ መደርደሪያው ሄደው ሌላ ፒስተን ይዘው መጡ፤ ከፋብሪካው ባለ ተርቦ ሆኖ ከተሠራ የጭነት መኪና ሞተር የወጣ ነው። ሁለቱንም ገልብጠው ሆዳቸውን ወደ ላይ አደረጉ። የእኔው ሆዱ ልሙጥ ነው፤ ከአሉሚኒየሙና ከዘንጉ መያዣ በቀር ምንም የለበትም። የሌላኛው ግን በአንዱ ጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ በማዶውም ሌላ ቀዳዳ። በዘይት መርጫቸው በአንዱ ቀዳዳ ጥቂት ጠብታዎች ጨመሩበትና ፒስተኑን ቀስ ብለው አዘነበሉት። ዘይቱ ከፒስተኑ አናት ሥር በተሠራው ስውር ቦይ ዞሮ በማዶው ቀዳዳ ወጣ፤ በጣታቸው ላይ ወረደ።

«ይኼ ይጠጣል፣ ያንተ ግን ጾሙን ነው የሚውል» አሉኝ።

ከዚያ በጥፍራቸው የሁለተኛውን ፒስተን የላይኛውን ፋሻ ቦይ አሳዩኝ። ከአሉሚኒየሙ የጠቆረ ሌላ ብረት በቀለበት መልክ አብሮ ፈስሶበታል፤ ፋሻው የሚያርፈው በአሉሚኒየሙ ላይ ሳይሆን በዚያ ጠንካራ ቀለበት ላይ ነው። የእኔ ፒስተን ይኼም የለውም። ይህ የሠሪው ጉድለት አይደለም፤ ያለ ተርቦ እንዲሠራ የታሰበ ሞተር ስለሆነ አላስፈለገውም። ያስፈለገው እኔ ግፊቱን ስጨምርበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቴስታታው ተዘግቶ ነበር።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ በፒስተን ውስጥ ያለው ቅይጥ ከዚያም ቀድሞ መለስለስ ይጀምራል፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅ ደግሞ ጥንካሬው እጅግ ይወርዳል። ናፍጣው ሲቃጠል ግን ነበልባሉ ከ2000 ዲግሪ ያልፋል። ታዲያ ፒስተን ሁሉ በየቀኑ የማይቀልጠው ለምንድን ነው? ነበልባሉ የሚነካው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት የተቀበለውን ሙቀትም ቶሎ ለሌላ ስለሚያስረክብ ነው። አብዛኛው በፋሻዎቹ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳና ወደ ውኃው ይሄዳል፤ የቀረውን ከሥር የሚረጨው ዘይት ይወስደዋል። ፒስተን በሕይወት የሚኖረው እንደ ጥሩ ዕድርተኛ ተቀብሎ በማስረከብ ነው። እኔ የሚቀበለውን አበዛሁበት፤ የሚያስረክብበትን መንገድ ግን አላሰፋሁለትም።

## ከፍታው የወሰደብንና እኔ የጨመርኩት

ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የቆጠርኳቸው። ደሴ በ2500 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ የትንፋሹን ሩብ ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ለደገኛ ሰው የተርቦ የመጀመሪያው ሩብ ባር ትርፍ አይደለም፤ ከፍታው የወሰደውን ማስመለስ ነው። ይህ ሐሳብ ከተርቦ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑ ደስ ይለኛል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሺ የጭስን ኃይል መልሶ አየር ለማጨቅ የመጠቀምን ሐሳብ በ1905 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ወጣ፤ ከፍታው 4300 ሜትር ያህል ሲሆን ከእኛው የላስታ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ጋር ይቀራረባል። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር አናቱ ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦ ሲሰጠው ግን 356 ሰጠ። ተርቦ እንደ እኛ ላለ አገር የቅንጦት ዕቃ ነው የሚለኝን ሰው በዚህ ታሪክ እሞግተዋለሁ።

ነገር ግን ያው ከፍታ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። የተርቦው በር የሚከፈተው ከዙሪያው አየር በላይ ያለውን ግፊት ተከትሎ ነው። በደሴ አንድ ባር ስጨምር ተርቦው ከሦስት አራተኛ ተነሥቶ አየሩን ከሁለት እጥፍ በላይ ማጨቅ ነበረበት፤ ባሕር ወለል ላይ ለሚኖር ሰው ግን ለዚያው አንድ ባር ሁለት እጥፍ ይበቃዋል። አየር ሲታጨቅ ደግሞ ይግላል። የእኔን ሁኔታ ብናሰላው፣ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር ከተርቦው ሲወጣ ከ130 ዲግሪ ያልፋል። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ፣ ሞተሬ ሲተነፍስ የነበረው ከፈላ ውኃ የባሰ የጋለ አየር ነው። በመካከል አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር አላስገጠምኩም ነበር።

ወደ ሚሌ ስወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የዙሪያው አየር ወደ 0.95 ባር ስለሚጠጋ በላዩ አንድ ባር ሲጨመርበት ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ወደ ሁለት ይጠጋል። የእኔ ሞተር ደግሞ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ የሚያጭቅ ነው። ቶዮታ ራሱ ለዚሁ መኪና ባለ ተርቦውን ዋን ኤች ዲ ቲ ሲሠራ የሲሊንደሩን ስፋት 94 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑን የላይ ታች ርምጃ 100 ሚሊ ሜትር አድርጎ እንዳለ ትቶታል፤ ጠቅላላ ይዘቱም ያው 4164 ሲሲ ነው። የማጨቂያ መጠኑን ግን ወደ 18.6 አወረደው፣ ናፍጣውም በቀጥታ በፒስተኑ አናት ላይ ወደተቀረጸ ጎድጓዳ እንዲረጭ አደረገ። የሠሩት ሰዎች ከተርቦው አስቀድመው ውስጡን ለውጠዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላል አገሬ፤ እኔ ድስቱን ጥጄ ነበር ያለቀስኩት።

## ውስጡን መሥራት

ሐጂ ሞተሩን እንደገና ለመሥራት የተስማሙት ሥራቸውን እንዳላስቸኩል ቃል ካስገቡኝ በኋላ ነው። እኔ ያነበብኩትን ሁሉ ይዤ ሄድኩ፤ በኃይል ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተን፣ በኃይል ተቀጥቅጦ የተሠራ ቢየላ፣ የተለየ ቡሎን፣ ሁሉንም ልግዛ አልኩ። እሳቸው ነገሩን በማረሻ አስረዱኝ። ባለእጅ ቀጥቅጦ የሠራው ማረሻ ድንጋይ ሲመታ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ግን ይነክታል። በኃይል የተቀጠቀጠ ፒስተንም እንዲሁ ነው። ይሁንና ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ሲግል በብዛት ስለሚያብጥ ከሲሊንደሩ ጋር ያለው ክፍተት ሰፋ ተደርጎ ይገጠማል፤ በደሴ ብርድ ጠዋት ሲነሣም እስኪሞቅ ድረስ ይንኳኳል። ለውድድር መኪና ጥሩ ነው፤ በየቀኑ ሰው ለሚያመላልስ ሞተር ግን ለተርቦ ታስቦ የተሠራው፣ የላይኛው ፋሻ ቦዩ ጠንካራ ቀለበት ያለው፣ ማጨቂያውም ዝቅ ያለው ፒስተን ይሻላል አሉኝ። እሱኑ አስመጣሁ።

ቢየላው ላይ ያስተማሩኝ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ሐሳቤን ለወጠው። ናፍጣው በሚቃጠልበት ቅጽበት በሲሊንደሩ ውስጥ 100 ባር ቢደርስ፣ በ94 ሚሊ ሜትር ፒስተን ላይ የሚያርፈው ኃይል 70 ኩንታል ያህል ነው። 70 ኩንታል በአንዲት ክንድ ላይ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ በየሰከንዱ 25 ጊዜ። ይህ ኃይል ቢየላውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ደካማ ከሆነ ያጎብጠዋል። የቢየላውን ቡሎን የሚበጥሰው ግን ሌላ ነው፤ ፒስተኑ ላይ ደርሶ ወደ ታች ሲመለስ ከክብደቱ የተነሣ የሚጎትተው ኃይል ነው፤ እሱም የሚያድገው ከዙሩ ፍጥነት ጋር ነው። ስለዚህ ግፊት ክንዱን ያጎብጣል፣ ዙር ቡሎኑን ይበጥሳል። በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ላለው ሰው ገንዘቡን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረዋል። የነበሩት ቢየላዎች ስንጥቅና ጉብጠት እንደሌለባቸው ተመርምረው፣ ቡሎናቸው ብቻ ተለውጦ፣ ተመለሱ። «ጤነኛውን ምን አድርግ ብለህ ትጥለዋለህ?» አሉኝ ሐጂ።

የፋሻው ነገር የፀጉር ያህል ቀጭን ሥራ ነው። ፋሻ ቀለበት ቢሆንም ጫፎቹ አይገናኙም፤ ሲግል የሚረዝምበት ትንሽ ክፍተት ይተውለታል። ግፊት ሲጨመር ሙቀቱ ስለሚበዛ ክፍተቱም መስፋት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ጫፎች ይገጥሙና ፋሻው መሄጃ ሲያጣ ቦዩን ይሰብራል። የእኔ ቦይ የተቆረሰውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሐጂ እያንዳንዱን ፋሻ በሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተው፣ በፒስተን ገፍተው አስተካክለው፣ ክፍተቱን በስስ የብረት ቅጠል ይለኩ ነበር፤ 0.4 ሚሊ ሜትር የነበረውን በቀጭን ሞረድ እየነኩ ወደ 0.5 አመጡት። በአንድ ፋሻ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ የመቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ከበለጠባቸው ፋሻውን ወዲያ ያስቀምጡታል።

የኮሎው ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማረፊያ፣ ሲገጠምም አጠገባቸው ነበርኩ። ዘይቱ የሚቆምበት ክፍተት የት ድረስ እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን አረንጓዴ የፕላስቲክ ክር በኮሎው ላይ አጋድመው፣ ክዳኑን በልኩ አጥብቀው፣ መልሰው ፈቱት። ክሩ ተጨፍልቆ ጠፍጥፏል። የስፋቱን መጠን ከማሸጊያው ወረቀት ላይ ካሉት መስመሮች ጋር ሲያስተያዩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ነበር። «ስድስት መቶኛ» አሉ። ያ 70 ኩንታል የሚያርፈው በዚያች ክፍተት ውስጥ ባለች፣ ከፀጉር በቀጠነች የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ብረት ብረትን እንዳይነካ የሚያደርገው እሷ ብቻ ናት።

የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ከሥሩ የሚገባው ማሸጊያ፣ ከበርካታ ስስ ብረቶች በተደራረበው ተተካ፤ ገጾቹ ቀጥ ማለታቸው ተለካ፤ የቴስታታው ቡሎኖችም አዲስ ሆኑ። ኢንተርኩለር ተገጠመ። ከሁሉም በላይ ግን ከተርቦው በፊት ባለው የጭስ መውጫ ላይ የሙቀት መለኪያ ተተከለ፤ ሰዓቱም ከመሪው አጠገብ ተቀመጠ። እኔን ቢጠይቁኝ ግፊቱን ከሚለካው ሰዓት በፊት መገዛት ያለበት ይህ ነው።

ግፊቱን ለመወሰን በተቀመጥንበት ቀን «አንቱ ቢሆኑ ስንት ይሰጡታል?» አልኳቸው። ቁጥር አልነገሩኝም። «ሀረጎን ጭነህ ውጣና ሰዓቱን ተመልከት፤ እሱ ይነግርሃል» አሉኝ። ከ0.4 ጀምሬ ጥቂት በጥቂት ጨመርኩ። 0.6 ባር ላይ፣ ሙሉ ሰው ጭኜ፣ በሦስተኛ ማርሽ ዳገቱን ስወጣ ሙቀቱ 620 ዲግሪ ላይ ቆመ። ከ0.6 ካለፍኩ ግን ረጅሙ ዳገት ላይ ወደ 700 መጠጋት ጀመረ። ደሴ ላይ 0.6 ሲጨመር ሲሊንደሩ የሚያገኘው የአየር ግፊት ሀረጎን በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ከነበረው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። እዚያው ላይ ተውኩት። ኮምቦልቻ ያሉ ጓደኞቼ አሁንም ለምን አንድ ባር አታደርገውም ይሉኛል፤ መስኮቴ ላይ ያለውን ፒስተን አሳያቸዋለሁ።

አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ስሞላ ሐጂ ዘይቱን ለውጠው የዘይት ማጣሪያውን ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጠው ከፈቱት። በመጋዝ የማይቆርጡት መጋዙ ራሱ ዱቄት ስለሚያራግፍና ስለሚያሳስት ነው። የማጣሪያውን ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ዘርግተው ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ እያንዳንዱን እጥፋት በጣታቸው እየከፈቱ የሚያብለጨልጭ ነገር ፈለጉ፤ ከዚያ ማግኔት አሳለፉበት። ማግኔቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ በነጭ ጨርቅ ጠረጉት፣ ጨርቁን አዩት፣ ለእኔም ሰጡኝ። ከዘይቱ ጥቁረት በቀር ምንም አልነበረበትም። ሐጂ ጠመኔ አንሥተው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በጋራዡ ግድግዳ ላይ ጻፉና «አምስት ሺሕ ላይ ደግሞ ትመጣለህ» አሉኝ።